የማይጠራው ኤስ

ሠላሳ አንድ ዓመት ደጎል አደባባይ፣
ከፎቶ ቤቱ ጥግ፣ ከበረንዳው ላይ፣
የሰው አቤቱታ በታይፕ ስመታ
ከጧት እስከ ማታ፣
አንድም ፊደል በከንቱ አልጣልኩም።
ወረቀት ውድ ነው፤ ሪባን ውድ ነው፤
ጣቴም የብረት አይደለም።

ዛሬ በረንዳው የለም፤ ፎቶ ቤቱም የለም።
የታክሲው ረዳት ግን ስሙን አልረሳም፤
«ዶሮ ማነቂያ ወራጅ አለ?» ይላል፣
አጥር ብቻ በቀረበት።
ሰውም «አለ» ይላል፤ ይወርዳል።

በሃምሳ ስምንት ዓመቴ
ደብተር ከመነጽሬ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከትቼ
ፈረንሳይኛ ልማር ሄድኩ።
«እማዬ፣ ለማን ልታወሪው?» ብላ ልጄ ሳቀች።
እኔስ መች አወቅሁት? ምሽቱ ረዘመ፤
ሥራ የፈታ ጣት ፊደል ያምረዋል።

መምህርት የውብዳር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣
«ታን» ብላ አነበበች፣ «ጊዜ ማለት» አለች።
ቆጠርኩት፤ አምስት ፊደል!
«ፔውስ? ኤሷስ?» አልኳት። «አይጠሩም» አለችኝ።
«ካልተጠሩ ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»
ከጎኔ አቶ ደርበው ቀስ ብለው ሳቁ፤
ለገሃር መስኮት ላይ ትኬት ሲቆርጡ ያረጁ ሰው ናቸው፤
«ጡረታ የወጡ ፊደሎች ናቸው፤
ሥራ የላቸውም፣ ወንበር ግን አላቸው።»

ያ የኔ «ደጎል» እንኳ፣ በእኛ ሦስት ፊደል፣
በእነሱ ስምንት ነው፤
በየአድራሻው ላይ አምስት አምስት ተርፎኝ ኖሯል!
ለገሃርንም ነገሩኝ፤
«'ጋር' ናት ጣቢያዋ፤ 'ላ' አጃቢዋ ናት፤
እኛ ሙሽራይቱን ከነሚዜዋ ወሰድናት።»

በሦስተኛው ወር የተሳቢ ተውላጠ ስም መጣ።
በእኛ ቤት «አየሁት» ነው፤ ሰውየው
እንደ ተጎታች ከግሱ ኋላ ይቀጠላል።
በእነሱ ቤት ይቀድማል፤ «ዠ ለ ቯ»፣
መጀመሪያ እሱ፣ ማየቱ ከዚያ።
«እንግዳ ነዋ፣» አሉ አቶ ደርበው፣ «እንግዳ ይቅደም!»

«ሉዊ» ላይ ስንደርስ ግን ተናደድኩ፤
ለሱ ይሁን ለሷ አይለይም!
እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ይመለሳል፤
«ሰጠሁት» ነው «ሰጠኋት»? ዳኛ ይጠይቃል።
አቶ ደርበውን ሳል ያዛቸው፤
መሐረባቸውን ከአፋቸው ሳያነሱ
«ተያት፣» አሉኝ፣ «መደበቂያ ናት።»

ከፋሲካ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው።
የውብዳር ስም ስትጠራ፣ «አቶ ደርበው?»
ዝም እንላለን።
ታልፈዋለች፤ አትሰርዘውም።
ስልካቸው አይነሳም። ቤታቸው «ቄራ ነው» ይላል አንዱ፤
«ፈርሷል» ይላል ሌላው።

ትናንት ይህን ጻፈች፤ «ቱ ም ማንክ።»
ወጣቶቹ በእንግሊዝኛ መዝነው
«ናፋቂው ማን ነው? ተናፋቂው ማን?» እያሉ ሲከራከሩ
እኔ ወዲያው ገባኝ።
«ናፈቅከኝ» ነው እኮ!
አድራጊው አንተ፣ ተደራጊዋ እኔ፤
ሥራው ያንተ፣ ሕመሙ የኔ።
ስድስት ወር ሙሉ ጀርባ የተሰጣጡት ቋንቋዎች
በአንድ በር ገቡ።

ስገለብጠው መጨረሻው ላይ ኤስ አለች።
«ይቺስ?»
«የ'አንተ' ምልክት ናት» አለች የውብዳር፤
«ትጻፋለች እንጂ አትጠራም።»

በአማርኛ አንቱ ነበር የምላቸው፣
እጃቸውን እንኳ ጎንበስ ብዬ የምጨብጣቸው።
እዚያች ኤስ ላይ ግን እርሳሴን ጫን አድርጌ፣
ማንም ሳይሰማኝ፣ አንተ አልኳቸው።

እኛም ተጠርቶ የማይጻፍ አለን።
«አለ» ብዬ ስመታ፣ ተናገረ ይሁን ወይ በሕይወት ይኑር፣
ላልቶ ይሁን ጠብቆ፣ ታይፑ አያውቅም፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አንባቢው ነው የፈረደው።

ዛሬ «አቶ ደርበው?» ስትል
ከአፌ አመለጠኝ፤
«አለ።»
አላላሁት? አጠበቅሁት? እኔም አልሰማሁት።
የውብዳር ቀና ሳትል
ራይት አደረገች፤ ወደ ቀጣዩ ስም አለፈች።